ከነጎድጓድ ጋር የተጋባሁበት ሐምሌ

ባለፈው ሐምሌ የጋብቻችን መታሰቢያ ቀን ነበር። ልጃችን ሰናይት ኬክ አዝዛ፣ ዘመድ ጠርታ፣ የካ አባዶ ካለው ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ድረስ የኪራይ ወንበር አስጭና ምሳ አሰናድታለች። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ጥልፍ ቀሚሴን ለብሼ እንደ ሙሽራ ተቀምጫለሁ። ሙሽራው ግን የለም። ባለቤቴ ጉደታ ጠዋት «ዳቦ ልግዛ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። ዳቦ የሚገዛ ሰው የላስቲክ ቦት ጫማ አያጠልቅም፤ የዝናብ ካፖርቱንም በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ አይዝም። ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። በረንዳ ወጥቼ ወደ እንጦጦ በኩል ብመለከት ነጩ ደመና እንደ አበባ ጎመን ሽቅብ ተቆልሏል፤ ሥሩ ደግሞ ጥላሸት መስሏል። ያኔ የት እንደሄደ ገባኝ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። ድሮስ መቼ አንስቶልኝ ያውቃል!

የሚሄደው ከልጆቹ ጋር ነው። ልጆቹ የምላቸው ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖር ሕሊና የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ጓደኞቿ ናቸው። በቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው ሌላው ሰው ኳስ እንደሚከታተለው እነሱ መብረቅ ይከታተላሉ። የት እንደወደቀ፣ ከየት እንደተነሳ፣ በረዶ ይኑረው አይኑረው ሲጻጻፉ ይውላሉ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ስለ ደመና ሲያወሩ ጉደታ ሰማቸውና ገባበት። ወላጆቻቸው ሳይወለዱ እሱ ነጎድጓድ ያሳድድ እንደነበር ሲያውቁ ያበዱለት ያን ዕለት ነው። «እማማ ጽጌ፣ ጋሼ እኮ ሌጀንድ ናቸው!» አለችኝ ሕሊና። ሌጀንዱ በጭቃ የተለወሰ ካልሲውን ማን እንደሚያጥብለት ግን አልጠየቀችኝም።

«እማዬ ተይው፣ ራሱ ይመጣል» አለችኝ ሰናይት፣ ነጠላዬን ስደርብ አይታ።

«በሠርጌ ቀን ያደረገኝን ብታዪ እንዲህ አትይም ነበር» ብያት ደረጃውን ወረድኩ። በስንተኛው ዓመት ላይ እንዳለን ሰናይት ትቁጠረው። እኔ የማውቀው ይህ ሰው እንደገና በእንግዶቼ ፊት ጥሎኝ እንደሄደ ብቻ ነው።

ከየካ አባዶ መሀል ከተማ መግባት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ሚኒባሱ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ መኪናው ሁለት ክንድ ሄዶ በቆመ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ኋላ ይሄድብኛል። ቀበና ላይ እኔ ያደግሁበት ዘመን ይህ ሁሉ ፎቅ አልነበረም። በሰማያዊና ነጩ ሰይቸንቶ ታክሲ በስሙኒ ፒያሳ ይደረስ ነበር። ወንዶቹ እግሩ እንደ ደወል የተከፈተ ቤልቦተም ሱሪ፣ ሴቶቹ ከጉልበት በላይ የቀረ ቀሚስና ባለ ወፍራም ታኮ ጫማ፣ ሁሉም ደግሞ ጣሪያ የሚያህል አፍሮ። ከድልድዩ ከፍ ብሎ አንድ የልብስ ሰፊ በረንዳ ነበር። ሰውየው ሸክላ ማጫወቻውን መስኮት ላይ ያደርግና ከሲንጀሩ ድምፅ ጋር የሚሽቀዳደም ዘፈን ቀኑን ሙሉ ያሰማ ነበር። የሰፈሩ ወጣት ልብስ የሚለካውም፣ የሚያፈቅረውም፣ የሚጣላውም እዚያ በረንዳ ላይ ነበር።

ጉደታን ያገኘሁት ከዚያ በረንዳ ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። ከሥራ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ታይፒስት ሆኜ ገና መቀጠሬ ነበር፤ በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁትን ነጭ ታኮ ጫማ አድርጌያለሁ። ዛፉ ሥር ተጠግቼ ቆሜ ሳለ አንድ ረጅም ልጅ ጆሮው ላይ ትንሽ ሬዲዮ ለጥፎ መጣ። ከሬዲዮው ዘፈንም ዜናም አይወጣም፤ በቆሎ እንደሚፈነዳ ጣ ጣ ይላል እንጂ። ዘፈን የሌለበት ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ያኔ ነው ያየሁት።

«እህቴ፣ እዚህ አትቁሚ» አለኝ። «መብረቅ ረጅም ነገር ይወዳል።»

«አንተ ራስህ ረጅም ነህ» አልኩት።

አልሳቀም። ክንዴን ይዞ ከዛፉ ሥር አውጥቶ ዶፉ ውስጥ ገተረኝ። ልብስ ሰፊው በረንዳ እስክንደርስ ጫማዬ ጭቃ ጠጥቶ ቀለሙ ጠፋ፤ ለሳምንት የተንከባከብኩት አፍሮዬ ግንባሬ ላይ ተደፋ። ዛፉን ደግሞ ምንም አልነካውም። ለዓመታት እየለመለመ ቆሞ፣ በቅርቡ መንገድ ሲሰፋ ነው የተቆረጠው። በዚያ ባለፍን ቁጥር «ይኸው ዛፍህ!» እለው ነበር። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ መልስ አለው፤ «ያን ቀን አልመታውም ማለት ሊመታው አይችልም ነበር ማለት አይደለም።» ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ብሎ መከራከር ይቻላል?

ታዲያ ለምን አገባሽው ትሉኝ ይሆናል። ሌሎቹ ወንዶች ሲያወሩ ዓይናቸው መንገደኛ ላይ ነበር፤ እሱ የሚያየው ሰማይን ነው፤ ከሰማይ ሲመለስ ደግሞ እኔን ብቻ። ለወጣት ሴት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጓደኞቼ እሑድ እሑድ ሲኒማና ኬክ ቤት ሲጋበዙ እኔ እንጦጦ ነበርኩ። እሱ በአንድ መሥሪያ ቤት የካርታ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ተፈራ የሚባል የሥራ ጓደኛው አብሮን ይወጣል። ሬዲዮውን ጣቢያ ከሌለበት ቦታ ላይ ያደርጉና መብረቁ ሬዲዮው ውስጥ የሚያሰማው ጣ ጣታ ሲበረታ «እየቀረበ ነው» ይባባላሉ። ከዚያ ብልጭ ሲል «ቁጠሪ!» ይለኛል። ከብልጭታው እስከ ድምፁ የቆጠርኩትን ለሦስት ሲያካፍል ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። የፍቅር ጨዋታችን ይኸው ነበር፤ ማካፈል። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ቀዩ ጭቃ፣ ከታች የከተማዋ ቆርቆሮ በዝናብ ሲያብለጨልጭ ያምር እንደነበር አልክድም። ግን እርጥብ ካልሲ ለብሶ የሚያምር ነገር ማየት አንድ ሰዓት ካለፈ ይሰለቻል።

ሠርጋችን ሐምሌ ላይ የሆነው እሱ ፈልጎት አልነበረም፤ ይህን እውነቱን ልናገርለት። ጊዜው ሰው ነገ የት እንደሚውል የማያውቅበት ጊዜ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር እንደሚዛወር በድንገት ነገረው፤ አባቴም «ሳያገባት ይዟት አይሄድም፣ ትቷትም አይሄድም» አሉ። የሰኔው ጾም እንደተፈታ ተቻኩለው ደገሱ። ጎረቤቱ «በሐምሌ ሠርግ?» እያለ ከንፈሩን መጠጠ። አባቴ ከዕድሩ ድንኳን አስመጥተው ግቢያችን ውስጥ አስተከሉ፤ ምሰሶዎቹ የብረት ነበሩ። ዶሮ በብር ከሃምሳ በሚገዛበት ዘመን አባቴ የጡረታቸውን ጥሪት አውጥተው ሰንጋ ጣሉ። ኩሩ ሰው ነበሩ። አንድ ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ሰው እንዲያማቸው አልፈለጉም።

ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር በጭፈራ ገባ። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ እንደዚያ ቀን አምሮ አላየሁትም። አንደኛ ሚዜው ተፈራ ነው፤ ኮቱ በአንድ ጎን አብጧል። ምን እንደሆነ የገባኝ ዘፋኞቹ ለአፍታ ሲያርፉ ነው። ከተፈራ ኮት ውስጥ ጣ ጣ ጣ የሚል ድምፅ ይመጣል። በሠርጌ ቀን! ጉደታን ጎሸም አደረግሁት። እሱ ግን ፊቱ ተለውጧል። በድንኳኑ መግቢያ እንጦጦ ላይ ያለውን ጥቁር ሰማይ እያየ ነው። ብልጭ አለ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ይቆጥራል።

«ጉደታ፣ እንዳታደርገው» አልኩት።

ተነሳ። ወጥ የያዙት አስተናጋጆች ገና ከፊት ረድፍ መድረሳቸው ነው። «እባካችሁ ሁላችሁም ቤት ውስጥ ግቡ! ድንኳኑ ብረት ነው፣ መብረቅ እየመጣ ነው!» ብሎ ጮኸ። መጀመሪያ ሰው የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ተፈራም «ተነሱ፣ ተነሱ!» ሲል ግርግር ተፈጠረ። አሮጊቶች ነጠላቸውን እየረገጡ ወጡ፣ አንድ እንስራ ጠላ ተገለበጠ፣ ካህኑ ሳይቀሩ ጥምጥማቸውን ይዘው ወደ ቤታችን በረንዳ ሮጡ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥና ጎረቤት በረንዳ ላይ ተፋፍጎ ዝናቡን ጠበቀ።

አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ደመናው እያጉረመረመ በላያችን አልፎ ወደ ኮተቤ በኩል ሄደ፤ ቀበና ላይ እንዲያውም ፀሐይ ወጣች። እንግዳው ምግቡ በርዶ፣ ግማሹ ተከፍቶ ግማሹ እየሳቀ ተበተነ። አባቴ ባዶው ድንኳን መሀል ቆመው ጉደታን ጠሩት።

«አንተ ሰው» አሉት፣ «ልጄን ውሰድ። እኔ ግን ደጅህን አልረግጥም።»

ወደ ሙሽራው ቤት በሰይቸንቶ ወሰዱኝ። እናቱ እማማ ጫልቱ የሚኖሩት እንጦጦ ወገብ ላይ፣ መኪና ከማይደርስበት ከፍ ብሎ ነው። ሽቅብ የሄድኩት ቬሎዬን ሰብስቤ፣ እያለቀስኩ ነበር። እማማ ጫልቱ አጠገባቸው አስቀምጠው እጄን ያዙኝ። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ነው የሚናገሩት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በእሱ አትዘኚ። አባቱን የገደለው በከካ ነው» አሉኝ። በከካ የሚሉት መብረቁን ነው።

ባላቸው ከእርሻ ሲመለስ ዝናብ ይዞት ዛፍ ሥር ተጠለለ፤ እዚያው ቀረ። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሰው ቤታቸውን ፈራው። እግዜር የተቆጣበት ቤት ነው ተባለ። እሳት የሚጭር ጎረቤት ጠፋ፤ ልጆችም ከጉደታ ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። «እሱ ክረምቱን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሰማይ ያያል። ምን ታያለህ ስለው፣ አባቴን ምን እንዳደረገው አያለሁ ይለኛል። አንድ ቀን ሮጦ መጣና፣ እማዬ፣ መንገዱን እኮ ነው የሚሄደው፣ እኛን አይደለም የሚፈልገን አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ የተኛው።»

ለቅሶዬ ቆመ፤ ንዴቴ ግን አልቆመም። ይህን ለአባቴ ቢነግራቸው ምን ነበረበት? ለእኔስ? ጉደታን ጠየቅሁት። «ስለ አባቴ ሰው እንዲያዝንልኝ አልፈልግም» አለኝ። እንዲያዝኑለት የማይፈልግ ሰው ደግሞ እንዲናደዱበት ይፈቅዳል፤ እኔም የተፈቀደልኝን ይኸው እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ።

ሚኒባሳችን ሾላ ገበያ አጠገብ ሲደርስ የፈራሁት መጣ። ዝናቡ በአንድ ጊዜ ተለቀቀ፤ ሚኒባሱ ከቆመበት አልነቃነቅ ሲል ወርጄ አንዲት ቅመም ነጋዴ ላስቲክ ሥር ተጠለልኩ። እርጥበት የነካው በርበሬና ኮረሪማ አፍንጫዬን ሰነፈጠው። ሰናይት ደወለች፤ «እማዬ፣ እንግዶቹ መጥተዋል» አለች። «ብሉ» ብዬ ዘጋሁት። ድሮ እዚህ ገበያ ዕቃ የሚራገፈው ከአህያ ነበር፤ አሁን መኪናው ከመኪና ተጣብቆ ጥሩምባ ብቻ ነው። የማይለወጠው ዝናቡ ሲመጣ ሰው አንገቱን የሚቀብርበት መንገድ ነው። ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚሄድ ሚኒባስ ረዳት «ፈረንሳይ፣ ፈረንሳይ፣ አንድ ሰው! እማማ ይግቡ!» ሲል ገባሁ።

ቀበናን ሳልፍ አባቴ ትዝ አሉኝ። ቃላቸውን ለሁለት ክረምት ጠብቀዋል። እኛ ከክፍለ ሀገር ተመልሰን የሰፈሩ ጫፍ ላይ ቤት ተከራይተን ነበር፤ እሳቸው በደጃችን ያልፋሉ፣ አይገቡም። ሰናይት ስትወለድ ግን አልቻሉም። ከሰዓት በኋላ መጡ፣ ቆመው ልጅቷን ስመው፣ ሳይቀመጡ ሊወጡ በሩ ላይ ሳሉ ሰማዩ አጉረመረመ። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉደታን አነጋገሩት።

«ልሂድ ወይስ ልቆይ?»

ጉደታ ሬዲዮውን ከፍቶ ጆሮው ላይ አደረገ። ብዙ አዳመጠ። «ይቆዩ አባባ፣ ከባድ ነው» አላቸው።

ተቀመጡ። ዝናቡን ጠበቁ። ራት ቀረበ፤ በሉ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ጨረቃ ስትወጣ በመስኮቱ አይተው ሳቅ ያዛቸው፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንተ ሰው፣ ዛሬም ዋሸኸኝ!» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ ቤታችን ይመላለሱ ነበር። ሆን ብሎ ዋሽቷቸው እንደሆነ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «ደመናው ወደ ሱሉልታ ዞሮ ነው» ይለኛል። አንድ ጊዜ እንኳ ደስ የሚለኝን መልስ ቢሰጠኝ ምን ነበረበት!

ከፈረንሳይ በላይ ያለውን ዳገት ግማሹን በባጃጅ፣ ግማሹን በእግሬ ወጣሁት። የተሠራሁት ጸጉር ፈርሶ፣ ጥልፍ ቀሚሴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ለብሶ። ከመታጠፊያው ላይ የልጆቹ ሚኒባስ መስኮቱን ዘግቶ ቆሟል። ሕሊና መቼም ጠንቃቃ ናት፤ ነጎድጓድ ሲኖር ማንንም ከመኪና አታስወርድም። ጉደታ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ሰማዩን ያያል። ከውጭ፣ ከኋላው ቆሜ በመስኮቱ ስሙን ጠራሁት። አልዞረም። የኋላ መስኮቱን እየደበደብኩ ጮህኩ፤ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። ዞር አላለም። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ ዝናብ ላይ ትቶኝ አላየሁሽም ሊለኝ ነው።

ሕሊና የኋላውን በር ከፍታ ጎትታ አስገባችኝ። ፊቷ ደንግጧል። «እማማ ጽጌ፣ እባክዎ አይቆጧቸው። ጋሼ እኮ አልሰሙዎትም።»

«እሱ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል?»

«አይደለም... የእውነት አይሰሙም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ማድረግ እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። «ፊት ለፊት ሆነን ስናወራ ከንፈር እያዩ ይረዳሉ። ነጎድጓዱን ግን መስማት ካቆሙ ሁለተኛ ክረምታቸው ነው። የቆጠሩት ርቀት መብረቅ የወደቀበትን ከሚያሳየን የስልክ አፕ ጋር አልገጥም ሲለን ነው ያወቅነው። አሁን ድምፁ ሲመጣ እኔ በሾፌሩ የኋላ ማያ መስታወት ጣቴን አሳያቸዋለሁ። ለእርስዎ እንዳንነግር አስምለውናል።»

የማያነሳው ስልክ፣ ከሳሎን ስጠራው የማይመጣው፣ ቴሌቪዥኑን የሚያስጮኸው፣ ስንት ቀን የተኳረፍንበት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። አንድ ቤት ውስጥ ስንኖር፣ አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ፣ ይህንን የነገረኝ የፎቅ ጎረቤት ነው። ተናደድኩ። ግን እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

ከኋላ ተንጠራርቼ ትከሻውን ያዝኩት። ሲያየኝ እንደ ልጅ ደነገጠ። ሾፌሩ ቦታውን ለቀቀልኝና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፊቴን ወደ ፊቱ አድርጌ ቀስ ብዬ ጠየቅሁት፤ «ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ቤት ታስቀምጪኛለሽ።»

«አስቀምጥሃለሁ! ቆልፌ ነው የማስቀምጥህ!»

«ይኸው» አለና ወደ ሰማዩ ዞረ። አልተቆጣም። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ የደም ሥሮቹ ተገትረዋል። መቼ እንደዚህ እንዳረጀ አላየሁም ነበር።

ከተማዋ ከታች በዝናብ ተሸፍናለች። ምሳው በርዷል፤ እንግዳው ሊበተን ነው። እጁን ይዤ ልወስደው እችል ነበር፤ ይመጣልኝም ነበር። ብልጭ አለ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ዓይኑ ወደ መስታወቱ፣ ወደ ሕሊና ጣት ሄደ። ዞሬ ልጅቷን ተይው አልኳት በእጄ። ነጎድጓዱ ሲመጣ ጉልበቱን መታሁት፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጠንከር አድርጌ።

«መጣ» አልኩት።

አየኝ። ከዚያ አካፈለና «ሾላ ላይ ነው» አለ። ልጆቹ ከኋላ ስልካቸው ላይ አይተው «ትክክል!» ብለው ጮኹ፤ እሱ አልሰማም፤ እኔ ነኝ የነገርኩት። እንደገና በረቀ፣ እንደገና ጉልበቱን መታሁ። ሦስተኛው ላይ ፊቱን አጨማደደ።

«ዘግይተሻል» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ድምፁ እንደጀመረ ነው የሚነገረኝ፤ እስኪያልቅ አይጠበቅም። ሕሊና ከአንቺ ትፈጥናለች።»

በሩን ከፍቼ በእግሬ ልወርድ ቃጣኝ፤ እውነቴን ነው። ደመናው ግን ገና አላለፈም። ጭቃ የጠጣውን ጫማዬን አወለቅሁና እግሬን አጥፌ፣ እጄን ጉልበቱ ላይ እንዳደረግሁ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።